ሾላው ላይ የተሰቀለው የሻንሲ ቁጥር

መኪናዬ አራት አባት አላት። አካሏ የድሮ ላንድክሩዘር ነው፤ ሞተሯ ደሴ አካባቢ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ፣ ባሊስትራዋ ከሌላ ከባድ መኪና የመጣ፣ ወንበሮቿ ደግሞ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀሉ ናቸው። ከመሬት በጣም ከፍ ስለምትል አሮጊቶች በርጩማ ካልቀረበላቸው አይሳፈሩባትም። የኢንሹራንሱ ፎርም ላይ ግን «የተሽከርካሪው ዓይነት» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ናት ያለችው። ያቺን መስመር ልሞላ ስታገል ነው የዘንድሮው ጣጣዬ የጀመረው።

ግልፍተኛ ነኝ፣ አልክድም። ሚስቴም ታውቀዋለች፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እኔ ያየሁትን አይቶ ያልተናደደ ሰው ካለ ይምጣና እጁን እስማለሁ።

የምንኖረው ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ከመርሳ ሽቅብ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። መንገድ አለ ይባላል። መንገድ የሚሉት የቅሬያችን፣ ማለት የእድራችን፣ ሰዎች ክረምት በወጣ ቁጥር በዶማና በአካፋ የሚጠግኑት፣ መሀሉን ወንዝ የሚቆርጠው፣ ፍየል እንኳ አስባ የምትረግጠው ነገር ነው። አምቡላንስ ከወንዙ ወዲህ አይሻገርም። ስለዚህ የታመመ ሰው ሲኖር ደውል ይመታል፣ የቅሬው ወንዶች ከየማሳቸው ሮጠው ይመጣሉ፣ ከዚያ አራት አራት ሆነው እየተቀባበሉ ቃሬዛውን በትከሻቸው ያወርዱታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። የሞተውን ይቀብራል፣ ያልሞተውን ይሸከማል።

ከሁለት ዓመት በፊት የቅሬያችን ዳኛ የመጨረሻ ልጅ ምጥ ያዛትና በቃሬዛ ስናወርዳት ወንዙ ዳር ወለደች። ሕፃኑ ሞቶ ነበር የተወለደው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ዳኛው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰው ፊት አያለቅሱም፤ ያን ቀን ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔም በሳምንቱ መርሳ ወርጄ አንዱን በያጅ ቃሬዛ ከነታማሚው የምትውጥ መኪና ሥራልኝ አልኩት።

ሦስት ወር ሠራት። የኋላዋን አስረዘመ፣ ቃሬዛው እንዳለ ገብቶ የሚተኛበት ቦታ አበጀ፣ ወንዝ ስትገባ ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር መሳቢያዋን በቱቦ እስከ ጣሪያዋ አወጣው። በነዚያ ሦስት ወራት ቅሬው ደቦ ወጥቶ መሬቴን አረሰልኝ። ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል የተጣመመ የሻንሲ ብረት ነበር፤ በያጁ ቆርጦ ጣለውና በወፍራም ብረት ተካው። የተቆረጠው ክንድ የሚያህል ብረት ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ ልቤን ወሰደው። ጥሩንባ ነፊያችን ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ቅሬያችን የረባ መጥሪያ አልነበረውም። ብረቱን ተሸክሜ ወጣሁና ቅሬው ከሚሰበሰብበት ሾላ ላይ ሰቀልኩት። ሲመታ ቆላው ማሳ ድረስ ይሰማል። ሰው ሁሉ መረቀኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ዘንድሮ የዳኛው ልጅ እንደገና አረገዘች። መርሳ ጤና ጣቢያ ቤት እንዳትወልድ አስጠንቅቀው፣ ቀኗ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጥታ እናቶች ማቆያው ውስጥ እንድትጠብቅ ነገሯት። ቀኗ ሰኔ መጨረሻ ነው አሏት። እሷም፣ አባቷም፣ ሰፈሩም የተማመኑት በእኔ መኪና ነው። ባየችኝ ቁጥር «መኪናዋ ደህና ናት?» ትለኛለች። እኔን ደህና ነህ ብላኝ አታውቅም።

ግንቦት በገባ በሳምንቱ ውርጌሳ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሴ ጊዜው አልፏል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስታወቴ ላይ አፍንጫዬ ፊት ተለጥፎ እየዋለ ቀኑን አላየሁትም። ታርጋዬን ፈታና አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቷ ወልድያ ድረስ ነድቼ ኢንሹራንስ እንድገባ፣ ሰው እንዳልጭን፣ ታርጋዬንም ስጨርስ መርሳ መጥቼ እንድወስድ ነገረኝ። የአንድ ቀን ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። ሲስተሙ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዋልኩ፣ ሳይመጣ ቢሮው ተዘጋ። በማግስቱ መጣ። የተቀበለኝ ሠራተኛ ከረባት ያሰረ፣ በየቃሉ ጋሼ የሚለኝ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ትሁት ሰው ላይ መጮህ እንዴት እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሦስተኛ ወገን ብቻ ሳይሆን ለመኪናዋም ሙሉ ሽፋን ፈልጌ ነበር። እንደ ሞኝ፣ ብዙ በዘረዘርኩ ቁጥር ብዙ የሚሸፈንልኝ መሰለኝ። ሞተሯን ነገርኩት፣ ባሊስትራውን ነገርኩት፣ የቱቦውን ብልሃት በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት። አንድም ነገር አልደበቅኩም፣ እንዲያውም ጨመር አድርጌ ሳልኮራ አልቀረሁም። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠና ወርደን እንያት አለኝ። ሁለቴ ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ሊብሬዬን ገልጦ እሷንም ሊብሬውንም ተራ በተራ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ የተጻፈችው መኪና የት አለች?» አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሙሉ ሽፋን እንደማይታሰብ፣ ሦስተኛ ወገን ለመስጠትም መኪናዋ ከነለውጧ በትራንስፖርት ቢሮ ተመርምራ ወረቀት እንደሚያስፈልጋት፣ እስከዚያ ካቆምኩበት ግቢ ባትንቀሳቀስ እንደሚሻል በትህትና አስረዳኝ። ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። እነሱ ኢንሹራንስ የሌላትን መኪና አንመረምርም አሉ። ተመለስኩ። ያልተመረመረች መኪና ኢንሹራንስ አንሰጥም አለ፣ ጋሼ እያለ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በባጃጅ ስመላለስ ባለባጃጁ ራሱ ነገሩን አውቆት፣ ዛሬስ ማን ቀድሞ እሺ አለ እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

እንዲህ ሆኖ ግንቦት ተጋመሰ። በየሁለት በየሦስት ቀኑ በሚኒባስ መርሳ ወርጄ፣ ከመርሳ በእግሬ ሽቅብ እወጣለሁ። ባዶ እጄን መሆኔን ለማየት የዳኛው ልጅ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ሆዷ ገፍቷል። ምን እንደምላት ግራ ገብቶኝ በጓሮ በኩል ዞሬ የገባሁበት ቀን አለ፤ እናገረዋለሁ እንጂ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ትራንስፖርት ቢሮ ውስጥ አንድ ደግ ሰው ተገኘ፤ ከኢንሹራንሱ ሰውዬ ጋር በስልክ ተነጋገሩና አንድ መላ አበጁ። የመጀመሪያው የሻንሲ ቁጥር በዓይን ከታየ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ በአዲሱ ብረት ላይ ይመታል፣ ከዚያ ምርመራውም ኢንሹራንሱም በአንድ ቀን ያልቃል። ሦስታችን ከመኪናዋ ሥር ገብተን ቁጥሩን ፈለግን። የለም። ደጉ ሰው በዚህች መኪና ቁጥሩ የሚመታው ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል ነው አለኝ። በያጁ ጋ ደወልኩ። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ አንተው አይደለህም እንዴ ወስደህ ዛፍ ላይ የሰቀልከው አለኝ።

ፎቶ አንስቼ ላምጣ ብዬ ለመንኩ። በአካል ካልታየ አይሆንም አሉ።

ሾላው ሥር ቅሬው ተሰበሰበ። ደውል አውርዱልኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንዱ በመሀል ሰው ቢሞትስ አለ፣ አንዳንዱ ለእኛ የሰጠኸንን መልሰህ ትቀማናለህ እንዴ አለ። እኔም ግልፍ ብሎኝ አንድ ሁለት ቃል ወረወርኩ። ዳኛው ሁሉን አስጨርሰው ነው የተናገሩት።

«ለመኪናህ ብዬ አልሰጥህም፣ ለልጄ ብዬ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ መልሰህ እዚሁ ስቀል።»

ነገ ማታ እዚህ ነው አልኳቸው። ቦታው ባዶ እንዳይሆንም ቤቴ ጥግ ወድቆ የነበረ አሮጌ የመኪና ቸርኬ አምጥቼ በራሴ እጅ ሰቀልኩት። መታ አድርጌ ሞከርኩት፤ አይከፋም። የሆነ ቦታ የማውቀው ድምፅ መሰለኝ እንጂ ብዙም አላሰብኩበትም።

በማለዳ ብረቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በትከሻዬ ይዤ ወረድኩ። ወልድያ ስደርስ ከረባት ያሰረው ሰውዬ የለም። ሲሪንቃ ላይ መኪና ተጋጭቶ ሊያይ ሄዷል፣ ነገ ይምጡ አለችኝ አንዲት ሠራተኛ። ሴትዮዋን ምንም አላልኳትም፣ ምን አጠፋች? ወጥቼ የግቢውን በር በእርግጫ መታሁት፣ እግሬን ብቻ አመመኝ።

በማግስቱ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ወደ ብርሃን አዙሮ ያየው ጀመር፣ ቁጥሮቹን በጣቱ ዳበሳቸው፣ ደገመና ዳበሳቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ጠፍተዋል። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለሙትም ለታማሚም ያን ብረት የደበደብነው ልክ በቁጥሩ በኩል ነበር። እንዲህ ከሆነ ለዋናው መሥሪያ ቤት መጻፍ አለብን፣ መልሱ እስኪመጣ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል አለኝ። ብረቱን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። አንድ ጎሚስታ ጋ ገብቼ በናፍጣ አጠብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ በመጨረሻ ጠመኔ ቀባሁበትና በጨርቅ ጠረግኩት። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ቢሮው ለምሳ ተዘግቷል። ጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር በአንዴ ሆነ። ቁጥሩ ተመሳከረ፣ አዲሱ ብረት ላይ ተመታ፣ መኪናዋ ተመረመረች፣ ተለጣፊው መስታወቷ ላይ ተለጠፈ። ልሄድ ብረቱን ሳነሳ ሰውዬው እጁን ጣል አደረገበት። ማስረጃ ስለሆነ ፋይሉ እስኪዘጋ እዚህ ይቆይ አለኝ። እዚህ ላይ ነው ያን ሁሉ ሳምንት የዋጥኩት የወጣው። ቢሮው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ይሄ ማስረጃ አይደለም፣ ደውል ነው። ሰው ሊሞት ሲል የምንጠራራበት ነው። ፋይልህ ውስጥ አይገባም።»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። ቁጥሩን እንደገና ፎቶ አነሳና ይውሰዱት ጋሼ አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ አልጠላውም።

ከወልድያ ስወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብረቱ ከኋላ ወለሉ ላይ ይንኳኳል፣ ተለጣፊው ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል፣ እኔ አንጎራጉራለሁ። ሲሪንቃን ሳልፍ ከመርሳ በኩል አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። ጥጌን ይዤ አሳለፍኩት፣ ጭራሽ ጥሩንባ ነፋሁለት። አሁን ሳስበው ያ ጥሩንባ ነው የሚያቃጥለኝ።

መርሳ ታርጋዬን ልወስድ ስገባ ጤና ጣቢያው በር ላይ የሰፈሬን ሰዎች አየሁ። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ባዶውን። አጠገቡ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ አራት ሴቶችም ትከሻቸውን እያሹ ቆመዋል። በእኛ አገር ሴት ቃሬዛ ተሸክማ አታውቅም። ዳኛው ከሁሉም ራቅ ብለው ብቻቸውን ቆመው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ምጡ ሳይታሰብ መጣ፣ ወር የሚጠጋ ሲቀረው። ዳኛው ራሳቸው ሮጠው ቸርኬውን መቱት። ቆላ ያለው ወንድ ሁሉ ማሽላ ሊዘራ በሬ ጠምዶ ነበር፣ ድምፁንም ሰምቷል። ግን ከታች ያለው ትምህርት ቤት ደውሉ እሱም ቸርኬ ነው። ልጆቹ ክፍል ሊገቡ ነው ብለው እርሻቸውን ቀጠሉ። ዳኛው መቱት፣ መቱት፣ ክንዳቸው እስኪዝል መቱት፣ አንድም ሰው ቀና አላለም። ያን ቸርኬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ነው፣ ልጆቼ የሚማሩበት ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ልብ አላልኩትም።

ሰፈር ውስጥ በተገኘው ሽማግሌና ሴት ተሸክመው አወረዷት። ወንዙን ተሻግረው እዚያው ዳር ወለደች። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ተንፍሳለች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች አሉኝ። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም ብሎ በአምቡላንስ ወደ ወልድያ ይዘዋት ሄዱ። ባሏ አብሯት ገባ፣ ለአባቷ ቦታ አልነበረም።

ዳኛውን ይግቡ አልኳቸው። ገቡ። በርጩማ አልፈለጉም፣ በአንድ እጃቸው ተስበው ወጡ። አስፋልቱን በሙሉ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። እኔ ሰድበውኝ ቢሆን እመርጥ ነበር። ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ነው ታርጋዬን ሳልወስድ መምጣቴ ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ መከራ አይቼ፣ ኢንሹራንሴን ይዤ፣ ያለ ታርጋ እነዳለሁ። ያስቆመኝ ሰው ቢኖር ምን እንደማደርገው እንጃ።

ወልድያ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ደሙ ቆሟል፣ ትተርፋለች አለን። ዳኛው አልሃምዱሊላህ ብለው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ውጭ ወጥቼ መኪናዬን ተደግፌ አለቀስኩ። ንዴት ይሁን ደስታ አላውቀውም፣ ለቅሶ ግን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዳኛውን ይዤ ወደ ሰፈር ወጣሁ። በመንገዳችን መርሳ ላይ ሕፃኗን ጤና ጣቢያው ገብተን አየናት፣ ታርጋዬንም ወሰድኩ። ቸርኬውን አውርጄ ወረወርኩትና ብረቱን መልሼ ሰቀልኩት። ዳኛው አንድ ጊዜ ምታው፣ መመለሱን ሰው ይወቅ አሉኝ። መታሁት።

እኔ ሁለት ሦስት ሰው ብቅ የሚል ነበር የመሰለኝ። ቆላው ማሳ ውስጥ በሬዎቹ ቆሙ፣ ሰዎቹ ዳገቱን ይሮጡት ጀመር። አንዱ ጅራፉን እንደያዘ፣ አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ አንዱ ለውዱእ እግሩን እያጠበ የነበረ ባዶ እግሩን መጣ። እያለከለኩ ሾላው ሥር ደረሱና ማን ነው፣ ማን ነው አሉ። ዳኛው ማንም አይደለም፣ ልጄም ተርፋለች፣ ደውሉ ተመልሷል ለማለት ነው አሏቸው። አንድም ሰው በከንቱ አስሮጣችሁን ብሎ አልተቆጣም። ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው ያን ሁሉ ቀን ስትለፋበት የከረምከውን ወረቀት አንብብልን አሉኝ። ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩ። መኪናዋ ሰው ብትገጭ ይከፍላል። የሰው ከብት፣ የሰው አጥር ብታፈርስ ይከፍላል። ለራሷ ለመኪናዋ ምንም የለውም። አንብቤ ስጨርስ ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ሰው ታሞ ሳትደርስ የቀረህ እንደሆነስ?»

ወረቀቱን አገላበጥኩት፣ ከጀርባው ያለውንም ደቃቅ ጽሑፍ አየሁት። እሱ የለበትም አባቴ አልኳቸው።

«እንግዲያው እሱ የኛ የቅሬው ነው» አሉና ተነሥተው የሕፃኗን ስም ሊያወጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።